የሁለት ሥር ጠምበለል

ቢጫ ጠምበለል ቅርንጫፉ ጎንበስ ብሎ መሬት ሲነካ፣ በነካበትም ቦታ ሥር ሲያወጣ፣ ከእናቱ ግንድ የሚቆረጠው መቼ ነው? ይህን ብዙ ሰው ጠይቄአለሁ፣ መልሱን ግን እስከ ዛሬ አላገኘሁትም። ከተማ ችግኝ የሚሸጠው ሰውዬ «ሥር ከያዘ ቁረጪው፣ ምን ትጠብቂያለሽ» አለኝ። የኛ ሰፈር ሰው ግን ጭራሽ አይቆርጠውም። ለምን እንደማይቆርጠው ትልልቆቹ ሲያወሩ የሰማሁትን፣ እንደሰማሁት እጽፈዋለሁ።

ሰፈራችን ሁለት ሥር ይባላል። ገደል አፋፍ ላይ ነው፤ ከፊቱ ወንዝ፣ ከኋላው የገብስ ማሳ አለ። እንግዳ ሲመጣ መጀመሪያ የሚያየው አጥሩን ነው። በየጎረቤቱ መሀል ያለው አጥር ልጅ የሚያሾልክ አንድ ሽንቁር አለው፣ በሽንቁሩም ውስጥ የጠምበለል ቅርንጫፍ ካንዱ ጓሮ ወደ ሌላው ጓሮ ተሻግሮ ይታያል። ከወዲህም ሥር አለው፣ ከወዲያም ሥር አለው። ሁዳዴ ሲገባ ጫፉ ቀላ ያለው እምቡጥ ይፈነዳና አጥሩ ሁሉ ቢጫ ይሆናል። አንድ ጊዜ ቤት የተከራየ እንግዳ ልብስ ማስጫ ገመድ ሊወጥር ብሎ አንዱን ቅርንጫፍ ቆረጠው አሉ። ማንም አልተቆጣውም። ግን ያን ዓመት ሙሉ ወተት የሚሸጥለት ሰው አጣ ይባላል።

እንደሚነገረው፣ በድሮ ጊዜ፣ በማን ዘመን እንደሆነ ሽማግሌዎቹም አይስማሙም፣ እዚህ አፋፍ ላይ የነበረው ሁለት ቤት ብቻ ነው። ባንዱ ቤት ይታክቱ የምትባል ሴት ነበረች። ባሏ የበቅሎ ነጋዴ ነበረና ቆላ እንደወረደ በወባ ቀረ። ጠምበለሉን ወደዚህ አገር ያመጣችው እሷ ናት ይባላል፤ ስትዳር ከእናቷ ጓሮ አንድ ሥር ነቅላ፣ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላ፣ በቅሎ ላይ ሆና ጭኗ ላይ ይዛው መጣች። በሌላው ቤት ዘርትሁንና ባሏ ወልዴ ይኖሩ ነበር።

ይታክቱ ባሏ ከሞተ በኋላ ሴት ልጅ ወለደች። ያዋለዷት በአገሩ ሁሉ የታወቁት አሮጊት እማማ ጥሩወርቅ ናቸው። ሕፃኗ በከባድ ዝናብ ስለተወለደች እንጉዳይ አሏት። ይታክቱ ግን ካራስ ቤት ሳትወጣ ትኩሳት ጣላት፣ ጡቷም ደረቀ። ዘርትሁን በዚያው ሰሞን የራሷን ሕፃን ቀብራ ነበርና ጡቷ ሞልቶ ያማት ነበር። እማማ ጥሩወርቅ በዚያ ዝናብ በበር ዞረው መሄድ ስላቃታቸው አጥሩን በእጃቸው ሰነጠቁና ሕፃኗን በቀዳዳው አቀበሏት። ማታ ወልዴ ከእርሻ ሲመለስ ሚስቱ ልጅ ታጠባለች።

«ይቺን ከየት አመጣሻት?» አላት።

«ከአጥር።»

«ደግ ነው» አለ ወልዴ ቁጭ እያለ። «የሰው አጥር ጎመን እንኳ አያበቅልም፣ የኛ ልጅ ይወልዳል።»

የይታክቱ ሕመም ረዘመ፤ ተነሣች ሲሏት ትተኛለች፣ ተኛች ሲሏት ትነሣለች። ጠንክራ እስክትቆም ድረስ እንጉዳይ እየዳኸች፣ ኋላም እየሄደች በሽንቁሩ ትመላለስ ነበር። ዘርትሁን በጣቷ ወደ ይታክቱ ቤት እያሳየች «ማዶ ሂጂ፣ ማዶ ትጠራሻለች» ስለምትላት፣ ልጅቷ ዘርትሁንን «እማ»፣ የወለደቻትን ደግሞ «ማዶ» ብላ መጥራት ለመደች። ይታክቱ «እናትሽ እኔ ነኝ እኮ» ስትላት ልጅቷ ጨዋታ መስሏት ትስቅና ዘርትሁን ቀሚስ ውስጥ ትደበቃለች። ይታክቱም አብራ ትስቅ ነበር አሉ። ቤቷ ስትገባ ግን አትስቅም።

ጠምበለሉም እንደ ልጅቷ ቀዳዳውን አገኘውና አንዱ ቅርንጫፍ ወደ ዘርትሁን ጓሮ ተሻግሮ መሬቱ ላይ ተጋደመ።

ከዚያ ወልዴ ከወንዙ ማዶ ካጎቱ መሬት ወረሰ። መስቀል ሲያልፍ ጓዙን ጠቅልሎ ሊሻገር ነው ተባለ። ይታክቱ ይህን የሰማችው ወንዝ ላይ ልብስ ሲያጥቡ ነው።

«እውነት ነው?» አለቻት ዘርትሁንን።

«እሱ ነው የሚለው።»

«ልጅቷስ?»

ዘርትሁን ልብሱን ጨመቀችው እንጂ አልመለሰችላትም። ሽማግሌዎቹ እዚህ ላይ ሲደርሱ፣ ያን ቀን አንድ ቃል ብትናገር ኖሮ ይህ ሁሉ ባልመጣ ነበር ይላሉ። ሌሎቹ ደግሞ ምን ብላ ትመልስ ይላሉ።

ይታክቱ ከወንዝ ስትመለስ ልጇን ከዘርትሁን ደጅ አንሥታ ወደ ቤቷ ወሰደቻት። ከዚያ ማጭድ ይዛ ወጣችና በሽንቁሩ ያለፈውን ቅርንጫፍ ቆርጣ ቀዳዳውን በቀጋ እሾህ ደፈነችው።

እንጉዳይ መጀመሪያ አለቀሰች። ኋላ ማልቀሱንም ተወችና ከእሾሁ ሥር ተቀምጣ መዋል ጀመረች። እህል አልቀምስ አለች። ዘርትሁን ከወዲያ ሆና ትሰማለች።

«ይታክቱ» አለቻት አንድ ቀን በእሾሁ በኩል፣ «ገንፎ ሠርቻለሁ። በበር ልላክላት?»

«ልጄን ራሴ አበላለሁ።»

«በላች ወይ?»

ይታክቱ የቀጋውን እሾህ አጠበቀች።

«እህቴ፣ በላች ወይ ነው የምልሽ።»

«አልበላችም» አለች ይታክቱ። «ደስ ይበልሽ።»

ዘርትሁን የሠራችውን ገንፎ ውሻ በላው ይባላል፤ እሷም ያን ቀን አልበላችም።

ልጅቷ አንገቷ እየቀጠነ፣ ዓይኗ እየጎደጎደ ሲሄድ፣ ይታክቱ ፈርታ እማማ ጥሩወርቅን አስጠራች። አሮጊቷ ሕፃኗን ዳሰሱ፣ ምላሷን አዩ፣ ነገር ግን መድኃኒት አላወጡም። «በሽታ የለባትም» አሉና በበር ዞረው ወደ ዘርትሁን ጓሮ ሄዱ። እዚያ የተቆረጠው ቅርንጫፍ ቅጠሉ ረግፎ ተኝቷል። ሳብ ቢያደርጉት ያለምንም ትግል ተነቅሎ መጣላቸው። ሁለቱን ሴቶች ጠርተው አሳዩአቸው፤ ከሆዱ ላይ እንደ ክር የቀጠነ ነጭ ሥር ጥቂት ጥቂት ወጥቶ ነበር።

«ጀምሮ ነበር» አሉ። «ግን ገና የሚጠጣው ከእናቱ ነው። ማነው የቆረጠው?»

«እኔ ነኝ» አለች ይታክቱ። «ይዘውብኝ ሊሄዱ ነው እማማ። ምን ላድርግ? አንድ ያለችኝ እሷ ናት።»

«እኔስ ስንት አለኝ?» አለች ዘርትሁን።

እማማ ጥሩወርቅ ለማንኛቸውም አልፈረዱም ይባላል። ወልዴን ከማሳው አስጠሩትና ነገሩን ነገሩት። እሱም ጭቃ እግሩን እየጠረገ «ታዲያ ያን የሚያህል መሬት ለሰው ልጅ ብዬ ልተወው?» አለ።

«ማን ተወው አለህ?» አለችው ዘርትሁን። «ሂድና እረሰው። ማታ ማታ ትመጣለህ።»

«ወንዙስ?»

«ወንዙማ እኔን ለማግባት ስትመላለስም ነበረ። ያን ጊዜ ጥልቀቱን አላወራህልኝም።»

ወልዴም ወደ ማሳው ተመለሰ። በዚያ ዓመትም፣ ከዚያ በኋላም፣ በሬዎቹን እየነዳ ወንዙን ሲሻገርና ሲመለስ ኖረ። ከአፋፉ ወደ ወንዙ የሚወርደው ጠመዝማዛ መንገድ ዛሬም የወልዴ መውረጃ ይባላል። ክረምት ላይ ወንዙ ሲሞላ ማዶ ያድር ነበርና፣ አፋፉ ላይ ያለው መልካሙ እህሉ በአረም የተበላበት ዓመት ብዙ ነው ይላሉ። ይህንን ለማንም አላነሣም።

ቀጋው ያን ዕለት ተነሣ። እንጉዳይ በሽንቁሩ ሾልካ ሄዳ የዘርትሁንን ገንፎ በላች፤ ማታ ግን ዘርትሁን ራሷ በቀዳዳው መልሳ አሳለፈቻት። ከዚያ እማማ ጥሩወርቅ ከጠምበለሉ ሌላ ረጅም ቅርንጫፍ መርጠው፣ መሬት የሚነካውን ሆዱን በጥፍራቸው ፋቅ አድርገው፣ የቆየ ፋንድያና አመድ በተቀላቀለበት አፈር ቀበሩት፣ ዶሮ እንዳይጭረውም ድንጋይ ጫኑበት።

«መቼ ነው የሚቆረጠው?» ብላ ጠየቀቻቸው ይታክቱ። የጠየቀችው ስለ ቅርንጫፉ ብቻ አልነበረም።

«ሲያብብ ጠይቂኝ» አሉ።

እንዲህ ሆኖ ልጅቷ ወዲህ እየበላች ወዲያ እየተኛች፣ ወዲያ እየበላች ወዲህ እየተኛች አደገች። አንዳንድ ቀን ሁለቱም ቤት እንደበላች ሳትናገር ለሦስተኛ ጊዜ ወልዴ ጋ ለመብላት ትቀመጣለች፣ እሱም አይቶ እንዳላየ ያጎርሳታል። ከዘርትሁን ቤት ሆና ይታክቱን «ማዶ» ብላ ትጠራለች። አንድ ቀን ደግሞ ከይታክቱ ደጅ ቆማ ዘርትሁንን «ማዶ» ስትል ሁለቱም ሰሟት። ይታክቱ እጇ ላይ ያለውን ሥራ ትታ ቁጭ አለች አሉ።

ቅርንጫፉ ሁለት ክረምት ካለፈ በኋላ በሁዳዴ አበበ፣ ከወዲያም ከወዲህም። ይታክቱ ማጭዷን ይዛ ወጣች። ዘርትሁን ከማዶ ቆማለች።

«አበበ» አለች ይታክቱ።

«አየሁት።»

«አሁን ማንን እንጠይቅ?»

እማማ ጥሩወርቅ ጥምቀት እንዳለፈ ሞተው ነበር። ምን ሊመልሱ እንደነበረ የሚያውቅ የለም። ይታክቱ ማጭዱን አጥሩ ላይ ሰቀለችው። እንጉዳይ ስትዳር ራሷ ቆርጣ ወሰደችው የሚሉ አሉ፤ የሰፈራችን የላይ ቤቶች እንዲህ ነው የሚሉት፣ ከወንዙ ማዶ በወልዴ መሬት ላይ ያለውንም ጠምበለል ምስክር ያደርጉታል። የታች ቤቶች ግን አልቆረጠችም፣ ጎንበስ ብላ በሥሩ አለፈች እንጂ ይላሉ። ከዚያ ወዲህ በሁለት ሥር አዲስ ቤት ሲሠራ አጥሩ ላይ ሽንቁር ይተዋል፣ ቅርንጫፍም ወደ ጎረቤት ይቀበራል፤ ልጆቹም የጎረቤትን እናት «ማዶ» ብለው ይጠራሉ።

በኔና በጎረቤቴ በእትዬ የምወድሽ ጓሮ መሀልም ሽንቁሩ አለ። ልጄን ኤልዳናን የወለድኩ ጊዜ ታምሜ ሆስፒታል ስከርም፣ ከራሷ ልጅ ጋር እያፈራረቀች ያጠባችልኝ እሷ ናት። አሁን ባለቤቴ ከተማ ሥራ አግኝቶ ቤት ተከራይቷል። ፋሲካ ሲያልፍ እንሄዳለን ይላል፤ ልጅ ናት፣ ትለምዳለች ይላል። እትዬ የምወድሽ ይህን ሰምታ የኤልዳናን ልብስ ታጣጥፋለች። ልጄ ገና ማዶ ማለት አልቻለችም፣ ጠዋት ስትነቃ በጣቷ ወደ ሽንቁሩ ታሳያለች። እኔ ደግሞ ሌሊት እነቃና አንገቷን እዳስሳለሁ።

የኛ ቅርንጫፍ ዘንድሮ በሁለቱም በኩል አብቧል። ድንጋዩን አንሥቼ በቀስታ ሳብ ሳደርገው መሬቱን ይዞ አልነቀል አለኝ። ይህ በቂ ይሁን አይሁን አላውቅም። ጠምበለል ያሳደጋችሁ፣ ልጅም ያሳደጋችሁ፣ እማማ ጥሩወርቅ ቢኖሩ ምን ይሉኝ ነበር? ከፋሲካ በፊት ምከሩኝ።