ወፍጮው ለሦስት ደቂቃ ይቁምልኝ

እናንተ በረንዳው ላይ ያላችሁ፣ ጠጋ በሉ። ቆማችሁ የቀራችሁም ድንጋይ ፈልጋችሁ ተቀመጡ። የዛሬዋ አጭር ናት። "ያለፈውንም አጭር ናት ብለህ እራታችንን አሳልፈኸናል" የምትሉኝ ካላችሁ፣ እውነት ነው፣ ይቅርታ። ይቺ ግን ሦስት ደቂቃ ብቻ ናት። ሦስት ደቂቃዋ እስክትገኝ ነው ትንሽ የሚያቆየን።

ትርሲት የምትባል ልጅ ነበረች። ከአስፋልቱ ማዶ ባለው ኮሌጅ ፊልም ሥራ ትማራለች። መመረቂያዋ የአሥር ደቂቃ ዶክመንተሪ ነው። አምና ጀምራ ሳትጨርስ ቀርታ ዓመቱን ደግማለች። ዘንድሮም ካቃታት ሦስተኛ ጊዜ የለም፣ ወደ ቤት ነው። እናቷ ደግሞ፣ የእናት ነገር፣ ለምርቃቱ ጎረቤቱን ሁሉ ጠርታ ጨርሳለች።

ስለዚህ ዘንድሮ ተጠንቅቃለች። ስለ ጋሽ ወንድይፍራው ወፍጮ ቤት ልሥራ አለች። ሃያ ጥያቄ ጻፈች። ካሜራው የት የት እንደሚቆም በባለ ካሬ ደብተር ላይ ሳለች። ሰኞና ማክሰኞ ቀረጸች። ወፍጮው መሬቱን ሲያንቀጠቅጠው የካሜራው ስታንድ በሦስት እግሩ እየዘለለ ቢያስቸግራት፣ ጋሽ ወንድይፍራው ግማሽ ማዳበሪያ ፉርሽካ ጎትተው አመጡና "እንኪ፣ ይኼን አንጠልጥይበት" አሏት። ስታንዱ ረጋ። ልቧም ረጋ። ሰውዬው አርባ ዓመት በቆሙበት ቦታ ላይ ቆመው፣ ወፍጮው እየጮኸ፣ ጠጋ ብለው ስለ ሟች ሚስታቸው አንድ ነገር ነገሯት። የትርሲት ዓይን እንባ ሞላ። ፊልሜ ይኼ ነው አለች።

ረቡዕና ሐሙስ የወፍጮ ቤቱ ሰፈር ትራንስፎርመር ተቃጠለ። መብራት የለም፣ ወፍጮ የለም። ይቺን ያዙልኝ። ሁለት ቀን ሙሉ ወፍጮው ዝም ብሎ ነበር።

አርብ ጠዋት መብራት መጣ። አርብ ስድስት ሰዓት ላይ ዮፍታሄ ፊቱን አኮማተረ። ዮፍታሄ የክፍል ጓደኛዋ ነው፤ ፊልሙን ኤዲት የሚያደርግላት እሱ ነው። ኤዲት ማለት እንደ ልብስ ሰፊ መቁረጥና መግጠም ነው አሉ፤ እኔም "ይቆርጣል" ብል ይሻለኛል።

"ትርሲት፣ ሰውዬው ምን እያሉ ነው?"

"አይሰማም?"

"ወፍጮው ይሰማል። ወፍጮው ጥርት ብሎ ነው የሚሰማው።"

ስትቀርጽ ሄድፎን አላደረገችም። እዚያ ሰፈር ያደገ ሰው በወፍጮ ጩኸት መሀል አፍ አይቶ ይሰማል፤ ለምዶታል። ማሽን ግን አፍ ማየት አልተማረም።

"ያሉትን እኔ አውቀዋለሁ። በጽሑፍ እናስገባው" አለች።

"መምህሩ ሰውየው በራሱ አንደበት ይናገር ብለው የለ? ድምፅ የሌለው ሰው እኔ አልቆርጥም። እሱን ካወጣሽው ደግሞ የቀረሽ ዘጠኝ ደቂቃ ዱቄት ነው።"

ካሜራው አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ኮሌጁ ዕቃ ቤት ይመለሳል። ፊልሙ ሰኞ ይገባል። ትርሲት ካሜራውን አንገቷ ላይ፣ ስታንዱን ትከሻዋ ላይ፣ ያንን ፉርሽካ ጀርባዋ ላይ አድርጋ ወጣች። የምትፈልገው አንዲት ትንሽ ነገር ናት። ወፍጮው ለሦስት ደቂቃ ይቁምላት።

ወፍጮ ቤቱ ስትደርስ ወረፋው በሩን አልፎ መንገድ ወጥቷል። የሁለት ቀን እህል ነዋ።

"ጋሽዬ፣ ወፍጮውን ለሦስት ደቂቃ ያቁሙልኝ።"

"ምን?"

"ያቁሙልኝ።"

"ልጄ፣ ሁለት ቀን ቆሞልሽ ነበር። ያኔ የት ነበርሽ?"

ያኔ ተኝታ ነበር። ደስ ብሏት ተኝታ ነበር።

"አሁን ባቆመው" አሏት ጋሽ ወንድይፍራው፣ "እነዚህ ሴቶች እኔን ነው የሚፈጩኝ። ተራው የአስካለ ነው። እሷ ቆየት ልበል ካለች አቆማለሁ።"

እህ። እትዬ አስካለ ካልቆዩ ወፍጮው አይቆምም። ወፍጮው ካልቆመ ድምፁ አይሰማም። ድምፁ ካልተሰማ ዮፍታሄ አይቆርጥም። ዮፍታሄ ካልቆረጠ ፊልሙ አያልቅም።

እትዬ አስካለ ስንዴያቸው ላይ ተቀምጠዋል።

"የኔ ልጅ፣ ይኼ ስንዴ የራሴ ቢሆን ሦስት ደቂቃ ምን አላት። የእድሩ ነው እኮ። ነገ እዚያ ላይኛው ቤት ተዝካር አለ። ዛሬ ካልተቦካ ነገ ዳቦ የለም።"

"ሦስት ደቂቃ ብቻ ናት፣ እትዬ።"

"ለአንቺ ሦስት ደቂቃ ናት። ከኋላዬ ያለችው ደግሞ 'እኔም ሦስት ደቂቃ' ትላለች። አቶ ልሳነወርቅ፣ የእድሩ ዳኛ፣ 'ቆይ' ካሉኝ እቆያለሁ። ያለዚያ በእኔ አታምጪው።"

እህ። ዳኛው ካልፈቀዱ እትዬ አስካለ አይቆዩም። እትዬ አስካለ ካልቆዩ ወፍጮው አይቆምም። ወፍጮው ካልቆመ ድምፁ አይሰማም። ድምፁ ካልተሰማ ዮፍታሄ አይቆርጥም። ዮፍታሄ ካልቆረጠ ፊልሙ አያልቅም።

ትርሲት ሸክሟን ይዛ ዳገቱን ወጣች። ስምንት ሰዓት ሆኗል። ፉርሽካው በቀዳዳ እየፈሰሰ አንገቷ ውስጥ ገብቶ ያሳክካታል። "ይኼን ለምን እሸከማለሁ?" ትላለች፤ ደግሞ "ያለ እሱ ስታንዱ ይዘላል" ትላለች፤ ደግሞ ትሸከማለች።

አቶ ልሳነወርቅ ባዶው የእድር ዕቃ ቤት ደጃፍ ላይ፣ ከዘራቸውን አገጫቸው ስር አስደግፈው ቁጭ ብለዋል። ነገሯን ሁሉ ሰሟት። ከልባቸው ነው የሰሟት፤ ይኼ ነው የሚያናድደው።

"ልጄ፣ እንዲህ ነው። ድንኳኑ እስካሁን አልመጣም። ድንኳኑ ከቀረ ሰው ይሰድበኛል። ዱቄቱም ከዘገየ ሰው ይሰድበኛል። አንዱን ስድብ እችላለሁ፣ ለምጄዋለሁ። ሁለቱን ባንድ ቀን ግን፣ በዚህ ዕድሜዬ፣ አልችልም። ድንኳኑን አሳዪኝና ዱቄቱ ትንሽ ይዘግይልሽ።"

"ድንኳኑ የት ነው ያለው?"

"ታች ሰፈር ሰርግ ቤት ውሎ፣ ባለ ጋሪው ዝናቡ ጭኖት እየመጣ ነው። ከጠዋት ጀምሮ እየመጣ ነው።"

እህ። ድንኳኑ ካልመጣ ዳኛው አይፈቅዱም። ዳኛው ካልፈቀዱ እትዬ አስካለ አይቆዩም። እትዬ አስካለ ካልቆዩ ወፍጮው አይቆምም። ወፍጮው ካልቆመ ድምፁ አይሰማም። ድምፁ ካልተሰማ ዮፍታሄ አይቆርጥም። ዮፍታሄ ካልቆረጠ ፊልሙ አያልቅም።

የወጣችውን ዳገት ወረደች። ከዚያም ሌላ ቁልቁለት ወረደች። እግሯ ተላላጠ። አምናም እንዲህ ነበር የጀመረው፤ አንድ ትንሽ ነገር ጎደለ፣ እሱን ስትሞላ ሌላ ጎደለ፣ ከዚያ ዓመቱ አለቀ። ለእናቷ የምትለውን ከአሁኑ በልቧ ታዘጋጅ ጀመር። "እማዬ፣ ወፍጮው ስለጮኸ ነው።" ማን ይሰማታል?

ድልድዩ ጋ ጋሪው ቆሟል። ድንኳኑ ተጭኗል። ፈረሱም አለ። ዝናቡ መንኮራኩሩን ተደግፎ ሣር ያኝካል።

"ምነው አትሄድም?"

"እኔማ እሄድ ነበር። ሻምበልን ጠይቂው።"

ሻምበል ፈረሱ ነው። ትርሲት፣ ተስፋ መቁረጥ የማያስደርገው የለም፣ ዞር ብላ ፈረሱን አየችው። ሻምበልም አያት። ወደ ሥራ የመመለስ ሐሳብ ፊቱ ላይ የለም።

"ጅራፍ የለህም እንዴ?"

"አለኝ። ግን በምን አፌ? ሁለት ቀን ፉርሽካ አልቀመሰም። ሣር ሰጠሁት፣ ናቀኝ። እኔስ ብሆን ድንኳን እጎትታለሁ?"

"ፉርሽካ ከየት ነው የምታመጣለት?"

"ከጋሽ ወንድይፍራው ወፍጮ ቤት ነዋ። ተዘግቶ ነው እንጂ። ዛሬ ደግሞ ወረፋውን አየሁና ተመለስኩ።"

እህህ። ፉርሽካ ከሌለ ሻምበል አይበላም። ሻምበል ካልበላ ጋሪው አይሄድም። ጋሪው ካልሄደ ድንኳኑ አይመጣም። ድንኳኑ ካልመጣ ዳኛው አይፈቅዱም። ዳኛው ካልፈቀዱ እትዬ አስካለ አይቆዩም። እትዬ አስካለ ካልቆዩ ወፍጮው አይቆምም። ወፍጮው ካልቆመ ድምፁ አይሰማም። ድምፁ ካልተሰማ ዮፍታሄ አይቆርጥም። ዮፍታሄ ካልቆረጠ ፊልሙ አያልቅም። ፉርሽካው ደግሞ ያለው ወፍጮ ቤት ነው፤ ወፍጮ ቤቱ ያለው ከወረፋው ጀርባ ነው፤ ወረፋው ላይ ያሉት እትዬ አስካለ ናቸው።

ትርሲት ሸክሟን መንገድ ዳር ጣለችና እላዩ ላይ ተቀመጠች። ከዚያ አለቀሰች። እንዲህ ያለው ለቅሶ ለራሱ ድንኳን ያስፈልገው ነበር።

ዝናቡ ደነገጠ። "እኔ ምንም አላልኳትም" አለ፣ ለሚያልፈው ሁሉ። "ቆማ ነው የመጣችው፣ ተቀምጣ አለቀሰች።"

እያለቀሰች ሳለ ከስሯ የሆነ ነገር ጎተታት። ዝም አለችው። ደግሞ ጎተታት። ዞር ስትል ሻምበል ነው። ጋሪውን እየጎተተ ሁለት እርምጃ መጥቶ፣ የተቀመጠችበትን ማዳበሪያ በጥርሱ ይዟል።

ትርሲት ማዳበሪያውን አየችው። ሻምበልን አየችው። ከኮሌጅ ወፍጮ ቤት፣ ከወፍጮ ቤት ዳገት፣ ከዳገት ድልድይ የተሸከመችውን አሰበች። ማሰቡን ለሌላ ቀን አሳድራ የማዳበሪያውን አፍ ፈታችለት።

ሻምበል ሲበላ ጋሪው ሄደ። ጋሪው ሲሄድ ድንኳኑ ደረሰ። ድንኳኑ ሲደርስ ዳኛው ፈቀዱ። "አስካለ በቃልሽ አታምንም" ብለው ከዘራቸውን ምልክት ሰጧት። ከዘራውን ሲያዩ እትዬ አስካለ ቆዩ። እትዬ አስካለ ሲቆዩ ወፍጮው ቆመ።

አሥር ሰዓት ተኩል ነው። ጸጥ አለ። ስታንዱን ተከለችው፤ ክብደት አላስፈለገውም፣ ወፍጮው ቆሟላ። ሄድፎኑን አደረገች።

"ጋሽዬ፣ የዚያን ቀን የነገሩኝን ይድገሙልኝ።"

ጋሽ ወንድይፍራው ካሜራውን አዩ። ግድግዳውን ተደግፈው፣ አንገታቸውን አስግገው የሚጠብቁትን ሴቶች አዩ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"ወፍጮ... ጥሩ ሥራ ነው።"

"እሺ። ከዚያስ?"

"ጤፍም ይፈጫል። ስንዴም ይፈጫል።" አሰቡ። "በርበሬ መጨረሻ ነው።"

ደግሞ ሴቶቹን አዩ። ትርሲት ያን ጊዜ ገባት። የዚያን ቀን የነገሯት ወፍጮው እየጮኸ ስለነበር ነው። ጩኸቱ መጋረጃቸው ነበር። እሷ መጋረጃውን በገዛ እጇ ቀድዳ፣ ሽማግሌውን ሰው ፊት አቆመቻቸው። አንድ ደቂቃ ሄደ። ሁለተኛው ጀመረ። ትርሲት ከእንግዲህ የምትለምነው ሰውም ፈረስም አልቀራትም። እጇን ወደ ካሜራው ማጥፊያ ሰደደች።

እትዬ አስካለ ሰውዬውን አዩ። ልጅቷን አዩ። ተነሱ።

"ሴቶች፣ ኑ ውጪ እንጠብቅ።"

"ተራችንስ?" አለች አንዷ።

"ተራሽን ማን ይበላዋል? ማዳበሪያሽ ይሰለፍልሻል።"

ወጡ። ማዳበሪያዎቹ ብቻ በሰልፍ ቀሩ። ጋሽ ወንድይፍራው ሰልፉን ለረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ ካሜራውን ረሱት።

"ሙሉ ነበር ስሟ። ያኔ ሚስቴ አልነበረችም። እህል ይዛ ትመጣለች። ተራዋ ሲደርስ ለኋለኛዋ ትሰጣለች። ደግሞ ሲደርስ፣ ደግሞ ለኋለኛዋ። ሁልጊዜ መጨረሻ ትቀራለች። አንድ ቀን 'አንቺ ልጅ፣ ለምንድነው የምትቀሪው?' ብዬ ጮህኩባት። አንድ ነገር መለሰችልኝ። ወፍጮው ይጮሃል፣ አልሰማኋትም። ያኔ ገና አፍ ማየት አልለመድኩም። 'ምን አልሽ?' ብላት ሳቀች። ተጋባን፣ ወለድን፣ ስንቴ ጠየቅኳት። 'ያኔ ብትሰማኝ ኖሮ' ትለኛለች። ሳትነግረኝ ሞተች።" እጃቸው ዱቄቱን ከእንጨቱ ላይ ጠረገ። "ወፍጮውን ላንድ አፍታ ባቆመው ኖሮ እሰማት ነበር።"

ሦስት ደቂቃዋ ስድስት ሆነች። ውጪ ካሉት ሴቶች አንዲትም በር አላንኳኳች።

ወፍጮው ሲቆም ድምፁ ተሰማ። ድምፁ ሲሰማ ዮፍታሄ ቆረጠ። ዮፍታሄ ሲቆርጥ ፊልሙ አለቀ። ካሜራው አሥራ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ዕቃ ቤት ገባ፤ ማዳበሪያው ሻምበል ጋ ቀረ። ሰኞ ዕለት ፊልሙ ኮሌጁ አዳራሽ ውስጥ ታየ። እትዬ አስካለ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው አለቀሱ። ዮፍታሄ መነጽሩን ይጠርጋል፤ መነጽሩ ግን ንጹህ ነው። መምህሩ ለትርሲት ራሳቸውን ነቀነቁላት፤ ማለፏ ነው። ከዚያ ወደ ፊት ወንበር ዞረው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "ጋሽ ወንድይፍራው፣ እንዴት አዩት?" አሏቸው።

ጋሽ ወንድይፍራው ትንሽ አሰቡና ወደ ትርሲት ዞሩ።

"ወፍጮዬን አስቁመሽ ሥራ ፈት አስመሰልሽኝ።"