የኮርቻ ሰፊው ላም

ጊዮርጊስን አታምኑኝም። ብምልም አታምኑኝም፣ ባልምልም አታምኑኝም፤ ስለዚህ ምዬ ልጀምር። ይህን ነገር በዓይኔ በብረቱ አይቼዋለሁ፤ ያላየሁትንም በአጥር ቀዳዳ ሰምቼዋለሁ።

አንድ ኮርቻ ሰፊ ነበር። አያ ሽባባው ይባላል። ከእኛ መንደር እስከ ባሕር ዳርቻ ድረስ እሱ ያልሰፋው ኮርቻ የተጫነባት በቅሎ የለችም። ስንቱ ሙሽራ በእሱ ኮርቻ ሚስት አመጣ፣ ስንቱ ሽማግሌ በእሱ ኮርቻ ሄዶ ዕርቅ አወረደ! ራሱ ግን ሰውን ሁሉ መንገድ እየሰደደ ከደጁ ፈቀቅ ብሎ አያውቅም። እግሩን አጣጥፎ ቁርበቱ ላይ እንደ ተቀመጠ ጸጉሩ ሸበተ። አንዳንዴ ሲነሳ ቁርበቱ አብሮት ይነሳ ነበር፤ ተጣብቆበት።

መሄድ የሚስቱ ሥራ ነበር። እትዬ የሰውዘር ምንጭ ትወርዳለች፣ ወፍጮ ትሄዳለች፣ ገበያ ትወጣለች። ማታ ተመልሳ የዋለችበትን ሁሉ ታወራለታለች፦ ማን እንደ ወለደች፣ የማን አጥር እንደ ወደቀ፣ ምንጩ ዳር ያለው ዋርካ ዘንድሮ ምን ዓይነት ወፍ እንደ ሰፈረበት። እሱ መርፌውን እየሳበ ይሰማል። ዓለምን የሚያውቃት በእሷ እግር ነበር።

ከዚያ ያ በሽታ መጣ። ስሙን ታውቁታላችሁ፤ እኔ አልጠራውም፣ ሰምቶ ይመለሳል። ትእዛዝ ወጣ፤ ሁሉም በየአጥሩ ውስጥ ይቀመጥ ተባለ። ገበያ የለም፣ ማኅበር የለም፣ እጅ መጨባበጥ የለም። መንደራችን ጸጥ ከማለቱ የተነሳ ጉንዳን ሲያስነጥስ ሰምተን «ይማርህ» ብለናል። ዶሮዎቻችን ቀኑን ሙሉ ፊታችንን ማየት ሰልችቷቸው ጀርባቸውን ሰጥተውን ይጭሩ ነበር።

በዚያው ሰሞን እትዬ የሰውዘር ታመመች። ሳትቆይም ሞተች። እዚህ ላይ የምቀልደው የለኝም።

አራት ሰዎች አፍና አፍንጫቸውን ሸፍነው መጥተው ተሸክመው ወሰዷት። ጡሩምባ አልተነፋም፣ ድንኳን አልተተከለም። ሞት ሰምተን ካልጮኽን ጉሮሯችን የሚዘጋ ሰዎች፣ በየአጥራችን ውስጥ እጃችንን አፋችን ላይ ጭነን ቆምን። ለአያ ሽባባው የፈቀዱለት እስከ ደጁ ብቻ ነበር። ሳጥኑ ከዓይኑ እስኪሰወር ድረስ ቆሞ አየ። ከዚያ ገብቶ ቁርበቱ ላይ ተቀመጠ። አላለቀሰም። በእኛ አገር ብቻውን ማልቀስ ማን ያውቅበታል? አንዱ ያወጣል፣ ሌላው ይቀበላል፤ ተቀባይ የሌለው ለቅሶ ከጉሮሮ አይወጣም።

ለብቻው እንዲቆይ የታዘዘበት ጊዜ አለፈ። እሱ ግን አልተነሳም። ተቀመጠ፣ ተቀመጠ፣ እግሩ አበጠ። አበጠ ስላችሁ ዝም ብሎ ማበጥ እንዳይመስላችሁ፤ አንዱ እግሩ ለብቻው ቤት ይፈልግ ነበር። የጤና ሠራተኛዋ ትርንጎ በአጥሩ ላይ አንገቷን አስግጋ አየችውና ደነገጠች።

«አያ ሽባባው፣ እንዲህ እንደ ተቀመጡ ከቆዩ ደምዎ ይረጋል፤ ይሞታሉ። በየቀኑ ማለዳ ወጥተው ይራመዱ። ከሰው ራቅ ብለው፣ ብቻዎን። መንገዱን ለሚጠብቀው ታጣቂ እኔ እነግረዋለሁ፣ አይመልስዎትም።»

«ወዴት ነው የምራመደው?»

«የትም። ዝም ብለው ሄደው ይመለሱ።»

«የትም?» አላት። «ልጄ፣ የትም የሚባል ቦታ ማን ዘመድ አለኝ?»

«ለጤናዎ ነው እንጂ ዘመድ ሊጠይቁ አይደለም።»

«ሰውስ ወዴት ነው ሲለኝ ምን ልበል?»

ትርንጎ ለዚህ የሚሆን ክኒን አልነበራትም።

አትፍረዱበት። በእኛ መንደር የሚሄድ ሰው ያየ ሁሉ «ወዴት ነው?» ሳይል አያሳልፍም። ወፍጮ ይባላል፣ ለቅሶ ይባላል፣ ክርስትና ይባላል። ያለ ምክንያት የሚሄድ ሰው ወይ ሌባ ነው፣ ወይ የመንግሥት ሰው ነው፣ ወይ አእምሮው ተነክቷል። ሚስቱ በሞተች ማግስት ወዲያና ወዲህ የሚንከራተት ባልማ ምን እንደሚባል ታውቃላችሁ።

ቢሆንም ሞትን ፈራና በማግስቱ ወጣ። ዱላውን ይዞ፣ ያን የሚያህል እግሩን እየጎተተ። ገና የራሱን አጥር ሳይጨርስ የእማማ ዘርትሁን ድምፅ መጣ። እማማ ዘርትሁን የግድግዳ ጎረቤቱ ናት። ጆሮዋ ስለደከመ የሰው ሁሉ ጆሮ የደከመ ይመስላታል፤ በሹክሹክታ ስታወራ ሁለት መንደር ይሰማታል።

«ሽባባው! ወዴት ነው?»

አያ ሽባባው ቆመ። ላቡ በአገጩ ወርዶ ዱላውን አራሰው። ሰማይ አየ፣ መሬት አየ።

«ላም ጠፍታብኝ ነው» አለ።

አሁን ስሙኝ። አያ ሽባባው ላም ኖሮት አያውቅም። ከቆዳዋ በቀር ላም ደጁን ረግጣ አታውቅም። ይህን ደግሞ ከእማማ ዘርትሁን የበለጠ የሚያውቅ የለም። አፏን ከፈተች። ዘጋችው። እንደገና ከፈተችው።

«ምን ዓይነት ናት?» አለችው።

«ቀይ ናት።» ግንባሩን በጣቱ ነካ አድርጎ ጨመረበት። «ግንባሯ ላይ መስቀል የመሰለ ምልክት አላት።»

እትዬ የሰውዘር ቀይ ነበረች። ግንባሯ ላይም በልጅነቷ የተነቀሰችው መስቀል ነበራት።

«እግዜር ያገናኝህ» አለች እማማ ዘርትሁን፤ ነጠላዋን ዓይኗ ላይ አደረገች።

አያ ሽባባው ምንጩ ጋ ሳይደርስ ወሬው በአጥር ላይ እንደ ጦጣ እየዘለለ ቀድሞት ደረሰ። መንደሩ ሁሉ አወቀ፤ ማንም ማንንም ተማከር ሳይለው ተማከረ። በማግስቱ ሲወጣ በየአጥሩ ላይ የሰው ራስ እንደ ዱባ ተደርድሮ ጠበቀው።

«አያ ሽባባው፣ ተገኘች?»

«ኧረ አልተገኘችም።»

«ጸባይዋስ እንዴት ነው?» ትለዋለች የሸማኔው ሚስት።

«ገራም ናት። እኔ ካልበላሁ አትበላም።»

«ሲጠሯት ትሰማለች?» ይለዋል ቀጥቃጩ።

«ትሰማ ነበር።»

«መቼ ነው የወጣችው?»

«ጠዋት ነው። ደህና ሁን እንኳ ሳትለኝ።»

ደህና ሁን የምትል ላም ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ቀጥቃጩ ግን አልሳቀም። መዶሻውን አስቀምጦ ወደ ጓዳው ገባ።

ሰውየው የሚያውቀው መንገድ አልነበረውምና በሚስቱ መንገድ ነበር የሚሄደው። በወሬ ብቻ የሚያውቀውን ሁሉ በእግሩ አገኘው። ምንጩ ዳር ዋርካውን ቀና ብሎ አየ። የተዘጋውን ወፍጮ በር በእጁ ነካ አደረገ። ባዶው ገበያ መሐል፣ እሷ «እቀመጥበታለሁ» ብላ በነገረችው ድንጋይ አጠገብ ቆሞ ይቆያል። ከዚያ ይመለሳል። እብጠቱ ቀስ በቀስ ጎደለ። አንድ ቀን የሸማኔው ሚስት «ትናንት ምንጩ ዳር ያየኋት መሰለኝ» ስትለው፣ ያ ቁርበት ላይ ተተክሎ የኖረ ሽማግሌ ሮጠ! ምዬላችሁ ምዬላችሁ ደከመኝ እንጂ፣ አቧራው እስከ ማታ አልወረደም።

እኛም እንደዚያው። በየግቢያችን ተኮራምተን መሞታችንን ስንጠብቅ የነበርን ሰዎች፣ ማለዳ ተነስተን ፊታችንን ታጥበን የምንጠብቀው ነገር አገኘን። ስለ እትዬ የሰውዘር ያልጠየቅነውን ሁሉ ስለ ላሟ ጠየቅን።

ይህ ሁሉ ያልገባው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ትርንጎ ያለችው ታጣቂ። ስሙ ምንይችል ነው። ከሌላ ወረዳ ተመድቦ የመጣ፣ እትዬ የሰውዘርን በሕይወቷ አይቷት የማያውቅ። ጥሩ ልጅ ነው፤ ቀልድ ሲነግሩት ግን «ይህ የሆነው የት ቀበሌ ነው?» ብሎ ይጠይቃል። እሱ በሚጠብቀው መንደር ከብት ጠፍቶ አልተገኘም መባሉ እንቅልፍ ነሳው። ጠመንጃውን አንግቶ ጠፋ። ሦስት ወንዝ ተሻገረ፣ ገደል ወረደ፣ ውሻ ነከሰው፣ ውሻውን መልሶ ነከሰው ይባላል። አንድ ቀን ጠዋት ላም እየጎተተ ከች አለ። ቀይ ላም። ግንባሯ ላይ መስቀል የመሰለ ነጭ።

«አያ ሽባባው!» አለ ከሩቅ። «ላምዎ ተገኘች!»

አያ ሽባባው ዱላውን ይዞ ሊወጣ ደጁ ላይ ነበር። ላሟን አየ። ላሟም አየችው። የዚያን ቀን እንደዚያች ላም የጨነቀው ፍጥረት አልነበረም፤ ከእሱ በቀር። የኔ ናት ቢል የሰው ከብት መውሰዱ ነው፤ ደግሞም ከነገ ጀምሮ ወዴት ነው ሲሉት የሚለው አይኖረውም፤ ቁርበቱ ላይ ይቀመጣል፣ እግሩ ያብጣል፣ ያልቅለታል።

«የኔ አይደለችም» አለ።

«እንዴት? ቀይ አሉ፣ ቀይ ናት! መስቀል አሉ፣ ይኸው መስቀል! ገራም አሉ፣ ሦስት ወንዝ ስንሻገር አንዴ እንኳ አልረገጠችኝም! ምን ጎደላት?»

አያ ሽባባው ተጠግቶ ግንባሯን ዳሰሰው። ነጩን ምልክት በአውራ ጣቱ ደጋግሞ ዳሰሰው።

«አታወራም» አለ።

«ላም እኮ ናት!» አለ ምንይችል፤ ሊያለቅስ ምንም አልቀረውም። «ላም ምን ብላ ታውራ?»

ይኼኔ እማማ ዘርትሁን በአጥሩ ቀዳዳ ወደ ምንይችል ጠጋ ብላ፣ በሹክሹክታ የምትነግረው መስሏት፣ ሁለት መንደር በሚሰማው ድምፅ «አንተ ሞኝ፣ ሚስቱን እኮ ነው የሚፈልገው!» አለችው።

አያ ሽባባው የላሟን አንገት አቀፈ። ከዚያ ከሆዱ ሥር፣ ከዚያ ሁሉ ጊዜ ሥር፣ «የሰውዘር!» ብሎ ጮኸ። እማማ ዘርትሁን ተቀበለችው። የሸማኔው ሚስት ከእሷ ተቀበለች፣ ቀጥቃጩ ከእሷ፤ ለቅሶው ከአጥር ወደ አጥር እየተላለፈ መንደሩን ዞረ። አንድም ሰው ከግቢው አልወጣም፣ አንድም ሰው ግን አልቀረም። ምንይችል ኮፍያውን አውልቆ ቆመ። የላሟ ባለቤት ከሦስተኛው ወንዝ ማዶ «ሌባ! ሌባ!» እያለ ደርሶ ነበር፤ ለቅሶውን ሲሰማ ለማን እንደሆነ እንኳ ሳይጠይቅ ከሩቅ ቆሞ አለቀሰ። ሲወጣለት ላሟን ይዞ ሄደ።

ፍሬ ነገሩን እዚሁ ልንገራችሁ፤ የታሪኩን መጨረሻ ቃል የሚናገረው ሌላ ሰው ነውና። እግር እንዲራመድ የሐኪም ትእዛዝ ይበቃው ይሆናል። ሰው ከሐዘኑ እንዲወጣ ግን «ወዴት ነው?» የሚለው ሰው ያስፈልገዋል። ሐዘንተኛ መጥቶ የሌለች ላም እፈልጋለሁ ቢላችሁ፣ ላም የለህም አትበሉት፤ መልኳን ጠይቁት። በዚያ ክፉ ጊዜ በእናንተስ አጥር ሥር ያለፈ ሰው አልነበረም? ምን አላችሁት?

አሁን መጨረሻው። በማግስቱ መንደሩ ሁሉ ከዶሮ ቀድሞ ተነሳ። ላሚቱ የለችም፣ ውሸቱም የለም፤ አያ ሽባባው ይወጣ ይሆን? ወጣ። ዓይኑ እንዳበጠ፣ ዱላውን ይዞ ደጁ ላይ ቆመ። ምንይችል እንደ ልማዱ ማዶ መንገዱ ላይ ቆሟል።

«ሽባባው! ወዴት ነው?» አለች እማማ ዘርትሁን፤ አመል ሆኖባት። ወዲያው አፏን በሁለት እጇ ያዘች።

አያ ሽባባው አፉን ከፈተ። ምንም አልወጣም። መንደሩ ሁሉ በየአጥሩ ላይ ደረቀ። ሰውየው ቀስ ብሎ እግሩን ወደ ቤቱ፣ ወደ ቁርበቱ መለሰ።

ያን ጊዜ፣ ቀልድ የማይገባው ያ ልጅ ፊቱ እንደ በርበሬ ቀልቶ ከማዶ ጮኸ፦

«እማማ፣ እኔ ነኝ እኮ ላም የጠፋችብኝ! አያ ሽባባው እያፋለጉኝ ነው!»