የአርቡ ቁጥር

ስሙን የማልጠራው አንድ ሰው ነበር፤ በአንድ የዞን ሆስፒታል የኮምፒውተር ክፍል ኃላፊ። ሰነፍ አልነበረም። ሌባም አልነበረም። ይህን አስቀድሜ የምነግራችሁ "ይሄ እኔን አይመለከትም" ብላችሁ እንዳታመልጡ ነው።

አንድ ቀን ሲስተር ዝናሽ የምትባል ነርስ ቢሮው መጣች። በዚያ ሆስፒታል ማዋለጃ ክፍል ሃያ ዓመት የሠራች ሴት ናት።

"ወንድሜ፣ አንድ ነገር ብቻ ሥራልኝ" አለችው። "እናት ደም ሲያስፈልጋት ወረቀት ጽፌ ባሏን ወደ ላቦራቶሪ አስሮጣለሁ። ፍሪጁ ውስጥ ካለ፣ አለ። ከሌለ አምቡላንስ ከተማ ድረስ መሄድ አለበት፤ ደርሶ መልስ አራት ሰዓት። ላቦራቶሪዎቹ ደም ባወጡ ባስገቡ ቁጥር ስልኬ ላይ መልእክት ይድረሰኝ። ሌላ ምንም አልፈልግም።"

ሰውየው ሳቀ። "ሲስተር፣ ይሄማ ለተማሪ የሚሰጥ የቤት ሥራ ነው! እኛ የያዝነው ዲጂታል ትራንስፎርሜሽን ነው። ዳሽቦርድ አለ፣ ክላውድ አለ፣ አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ አለ። ያንቺም ጉዳይ እዚያ ውስጥ ይካተታል።"

"መቼ?"

"በሂደት።"

ስምንት ወር ለፋ። ዋናው ኮሪደር ላይ ግድግዳ የሚያክል ስክሪን ተሰቀለ። አልጋው፣ መድኃኒቱ፣ ደሙ፣ ሁሉም በቀለም ተቀምጧል። ያለው አረንጓዴ፣ የሌለው ቀይ። ያየ ሁሉ አፉን ከፍቶ ቀረ።

ቁጥሩ ግን ከየት ይመጣ ነበር? እዚህ ላይ ልብ በሉ። በየመሥሪያ ቤታችን እንደምናውቀው፣ እያንዳንዱ ክፍል አርብ አርብ ለበላይ አካል ሪፖርት ይልካል። ሰውየው ስክሪኑን ከዚያ ሪፖርት ጋር አገናኘው። አርብ የገባ ቁጥር እስከሚቀጥለው አርብ አይነቃነቅም። ለአለቃ ይበቃል። አለቃ የሚፈልገው ሪፖርት ነው። ደም የሚፈልገው ሌላ ሰው ነው።

የምርቃቱ ቀን ማክሰኞ ሆነ። ሥራ አስኪያጁ በጠዋት ሠራተኛውን ሰብስቦ "ዛሬ እንግዶች አሉብን፤ ወረቀት ይዞ ግቢ ውስጥ የሚሯሯጥ ሰው እንዳላይ" አለ።

ሦስት ሰዓት ላይ እቴነሽ የምትባል ነፍሰ ጡር ደም እየፈሰሳት ገባች። የደም ዓይነቷ ኦ ኔጌቲቭ። ሲስተር ዝናሽ እንደ ልማዷ ወረቀት ጻፈችና ለባልየው ለሽብሩ ሰጠችው። ኮሪደሩ ላይ የኮምፒውተር ክፍሉ ኃላፊ በሱፍና በክራባት ቆሞ እንግዶቹን ይጠብቃል። ሽብሩን አስቆመው። ወረቀቱን ከእጁ ተቀብሎ ራሱ ወደ ማዋለጃ ክፍል ይዞት መጣ።

"ሲስተር፣ ዛሬም ወረቀት? ሙዚየም እናስገባሽ እንዴ? ኦ ኔጌቲቭ አራት ከረጢት አለ። አረንጓዴ ነው!"

"እርግጠኛ ነህ?"

"ሲስተሙን እመኚው እንጂ!"

አመነችው። ሃያ ዓመት ሙሉ ፍሪጁን ሳታስከፍት እርግጠኛ ሆና የማታውቅ ሴት፣ በዚያች ቀን ስክሪን አመነች፤ ደሙ እዚሁ ካለ ሲያስፈልግ አስመጣለሁ ብላ ወረቀቱን ኪሷ ከተተች።

አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ሕፃኗ ተወለደች፤ ደህና ነበረች። የእናቲቱ ደም ግን አልቆም አለ። ሽብሩ ወደ ላቦራቶሪ ሮጠ። ባለሙያው ፍሪጁን ከፍቶ አሳየው።

"ኦ ኔጌቲቭ የለም እኮ። ቅዳሜ ሚኒባስ ተገልብጦ አልነበር? ያኔ አለቀ። ማነው አለ ያለህ?"

አምቡላንሱ የተነሣው ያኔ ነው።

እስቲ አብረን እናስላው። ወረቀቱ ሦስት ሰዓት ላይ ላቦራቶሪ ደርሶ ቢሆን አምቡላንሱ ወዲያው ይነሣ ነበር። ሰባት ሰዓት ላይ ይመለስ ነበር። እቴነሽ እስከ ስምንት ሰዓት በሕይወት ነበረች። ደሙ የደረሰው ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ነው። እንግዶቹ ስክሪኑን አድንቀው፣ ምሳቸውን በልተው ሄደዋል።

በማግስቱ ሰውየው ሲስተር ዝናሽን ፈልጎ መጣ። ዐይኗን ማየት አልቻለም።

"ሲስተር፣ ሁሉንም ፈትሼዋለሁ። ሲስተሙ ምንም ችግር የለበትም። የተሰጠውን ቁጥር በትክክል ነው ያሳየው።"

"አዎ" አለችው ጓንቷን እያወለቀች። "አርብን በትክክል አሳይቶናል። ሴትየዋ ግን የመጣችው ማክሰኞ ነበር።"

ሰውየው ቢሮው ገብቶ፣ በሩን ዘግቶ፣ የጠየቀችውን ሠራ። ደም ሲወጣ መልእክት፣ ደም ሲገባ መልእክት። ስንት ጊዜ የፈጀበት ይመስላችኋል? ግማሽ ቀን። ስምንት ወር ሙሉ ያጣው ግማሽ ቀን! መልእክቱ ዛሬም ይሠራል። እቴነሽ ግን ተቀብራለች።

ወገኖቼ፣ በዚህ ሰው አትፍረዱበት ልላችሁ አልመጣሁም። ፍረዱበት። ስትጨርሱ ግን ወደ ራሳችሁ ዙሩ።

ባንክ የምትሠሩ፣ ቢሮ የምትሠሩ፣ ኮምፒውተር ፊት የምትውሉ፣ ቋንቋችሁን ሰምቻለሁ። እንዲህ ያለ ሲስተም፣ እንዲያ ያለ ፕላትፎርም ትላላችሁ። ጥሩ! ለማን? ማክሰኞ ጠዋት ማን ተጠቀመበት? የማን ወረፋ አጠረ? ማን ሁለት ጊዜ መመላለስ ቀረለት? ይህን መመለስ ካልቻላችሁ፣ የሠራችሁት ለእንግዳ የሚታይ ነገር ነው።

እኛ የቤተ ክርስቲያን ሰዎችስ? አዲስ የድምፅ መሣሪያ፣ አዲስ የዩቲዩብ ቻናል፣ በየጊዜው አዲስ የአገልግሎት ስም። ሦስት ወር ከዚህ አዳራሽ የቀረችውን እናት ግን ማን ደውሎላታል? ቁጥሯ እኮ መዝገባችን ላይ አለ!

እግዚአብሔር ምን ያህል ዘመናዊ እንደነበርን የሚጠይቀን አይመስለኝም። ሰው ለምኖን ነበር፤ የለመነን ትንሽ ነገር ነበር፤ ትንሽ ስለሆነ ሳቅንበት። የሚጠይቀን ይህን ነው። ያን ጊዜ ስክሪን አናሳየውም።

አሁን አሜን አትበሉልኝ። አሜን ጭብጨባ ሆኖብናል። ይልቅ ዝም በሉና የእናንተን ሥራ የሚጠብቅ አንድ ሰው አስቡ፤ በስሙ። ስሙን የማታውቁት ከሆነ፣ ነገ ጠዋት ወንበራችሁ ላይ ከመቀመጣችሁ በፊት ሂዱና ጠይቁት።