ለድንጋይ ያልተንበረከኩት ፊታውራሪ

ፊታውራሪ ድልነሳ ሆዳቸው መታጠቂያቸውን አልፎ ቢያስቸግራቸው፣ ጠዋት ጠዋት ግቢያቸው ውስጥ ትልቅ ድንጋይ እያነሱ ሰውነታቸውን ማፍታታት ጀመሩ። አንድ ቀን በሸክም የሚያድር ድሃ ጤፍ ሊያራግፍ ገብቶ ሲያያቸው፣ እግራቸውን እንደ ምሰሶ ገትረው በወገባቸው ብቻ ይታገላሉ።

«ጌታዬ፣ እንዲህ ከሆነ ወገብዎን ወለም ይልዎታል። ጉልበትዎን አጥፈው ዝቅ ይበሉና በእግርዎ ኃይል ይነሱ» አላቸው።

«ለሰው ያልተንበረከክሁ ለድንጋይ ልንበርከክ?» አሉና እንደ ልማዳቸው ሳብ ሲያደርጉት ወገባቸው ቀጭ አለ። ድንጋዩ መሬት ላይ ቀረ፤ እሳቸውም እንዳጎነበሱ ቀሩ።

በዚያ ግቢ ደግሞ ከጌታው በላይ ቀና ብሎ መቆም ትልቅ ነውር ነበር። ስለዚህ አሽከሩም ባለሟሉም በደረቱ መሬት ላይ ተለጠፈ። ወጥ ቤቷ ሳትቀር ድስቷን ወደፊት እየገፋች ዳዴ ትል ጀመር። ቀጥ ብሎ የቆመው ተሸካሚው ብቻ ነው።

ፊታውራሪ የሚታያቸው እግሩ ብቻ ስለሆነ እግሩን እያዩ ተቆጡ። «አንተ፣ እኔ ፊት እንዲህ የተገተርኸው በምን ድፍረት ነው? የሚያጠግብ መልስ ካልሰጠኸኝ ሠላሳ ጅራፍ ትቀምሳለህ» አሉት።

«ጌታዬ» አለ ተሸካሚው፣ «እኔ ቀኑን ሙሉ ለጆንያ ስንበረከክ ስለምውል ወገቤ ደኅና ነው። እርስዎ ለድንጋይ አልንበረከክም ብለው ይኸው ለእኔ እጅ እየነሱ ነው። ጨርሰው ቀና ይበሉና እኔም በተራዬ እጅ እነሳለሁ።»