የሩዝባ ጉድጓድ

ከሐርሳሜ መንደር በታች፣ ነጩ የጨው ሜዳ ሊጀምር ሲል፣ አፉ በጥቁር ድንጋይ የተከበበ አንድ ጉድጓድ አለ፤ የሩዝባ ጉድጓድ ይባላል። ዙሪያውን የትም ብትቆፍሩ የሚወጣው ውኃ ምላስ ያቃጥላል፤ የእሱ ብቻ ጣፋጭ ነው። ሩዝባ የእኛ አገር ስም አይደለም ልጆቼ፣ የፋርስ ስም ነው። እንዴት እዚህ እንደ ቀረ እናቴ ከእናቷ የሰማችውን ነግራኛለች፤ የጎደለ ካለ በእኔ ይሁን።

በዚያ በጥንቱ ዘመን ለፋርስ ንጉሥ ባህማን የሚባል የጦር አለቃ ነበረው ይባላል፤ ዐሥር ሺህ ሰው ተነሥ ሲለው የሚነሣለት፣ ተቀመጥ ሲለው የሚቀመጥለት። ይህ ሰው ከነሠራዊቱና ከነንጉሡ ፈረሶች ከመርከብ ወርዶ እዚህ ሰፈረ፤ ውኃ ግን አልነበረም። የአገሬው ሰው «ያን ሁሉ ባሕር ተሻግሮ መጥቶ ውኃ ጠማኝ ይላል!» እያለ ይሥቅበት ነበር አሉ። ሣቁ ግን አልቆየም፤ ወታደሮቹ በመጨረሻዋ የውኃ አቁማዳ ተጣልተው ሁለት ሰው ሲሞት፣ ፈረሶቹም መውደቅ ሲጀምሩ፣ ባህማን ጸሐፊውን ጠርቶ፣ «ጉድጓድ ሲቆፈር ከንጉሡ ፈረስ በፊት የጠጣ፣ ማንም ይሁን ማን፣ ይሙት» ብሎ አጻፈና በንጉሡ ቀለበት አተመው። የፋርስ ሕግ አንዴ ከታተመ እንደማይለወጥ በመጽሐፍ ቅዱስም ሰምታችኋል፤ ያተመው ራሱ እንኳ አይፈታውም።

ወታደሩ እንዳያጉረመርም ብሎም አንድ ልጁን ሩዝባን፣ ያገባ የወለደ ጎልማሳ ነው፣ ለቁፋሮ ታች አወረደው። ቦታውን ያሳያቸው ያዮ የሚባል የአገራችን ሽማግሌ ነበር። ለያዮ ትእዛዙን የነገረው የለም፤ እንደ ቆፋሪ ሁሉ ወግ፣ «ልጄ፣ ውኃ ብታገኝ ሳትቀምስ እንዳትጠራን፤ ጨው ከሆነ ፈረሱንም ሰውንም ይፈጃል» ብሎ መከረው። ሩዝባስ ትእዛዙን ያውቅ ነበር። ግን ሦስት ቀን ሙሉ በዚያ ሐሩር አፈር ሲውጥ የሰነበተ ሰው፣ ውኃ እግሩ ሥር ሲፈልቅ፣ እንኳን ትእዛዝ የገዛ ስሙስ ትዝ ይለዋል?

«ጣፋጭ ነው! አባቴ፣ ጨው የለውም!» ብሎ ጮኸ።

ሠራዊቱ በደስታ አገሩን አናጋው። ቀድሞ ዝም ያለው ጸሐፊው ነው፤ ቀጥሎ አጠገቡ ያሉት፤ ዝምታው እየሰፋ ሄዶ ሜዳውን ሞላው።

«ምን ሆናችሁ? ውኃ ወጣ እኮ!» አለ ያዮ። ትእዛዙን ነገሩት። ወደ ባህማን ዞሮ፣ «ታዲያ ቃሉ ያንተው አይደለም ወይ ጌታው? መልሰዋ!»

«ከአፌ ሲወጣ የእኔ ነበር» አለ ባህማን።

ያዮ እግሩ ላይ ወደቀ። «እሺ፣ መቅመስ መጠጣት አይደለም። እኛ ቆፋሪዎች ቀምሰን እንተፋለን። እባክህ ጠይቀው!»

የባህማን ፊት በራ ይላሉ። ጉድጓዱ አፍ ላይ ተደፍቶ፣ «ሩዝባ! ተፋኸው ወይስ ዋጥኸው?» አለ። በልቡ ተፋሁት እንዲለው ይለምን ነበር። የፋርስ ሰው ግን ለልጁ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስተምረው እውነት መናገርን ነው ይባላል፤ ባህማንም ደኅና አድርጎ አስተምሮት ነበር።

«ዋጥሁት አባቴ። ጠምቶኝ ነበር።»

ባህማን ገመዱን ለማንም አልሰጠም። ራሱ ሳበው፤ አንድ ክንድ ስቦ ይቆማል፣ አንድ ክንድ ስቦ ይቆማል፤ ዐሥር ሺህ ሰው ያያል፣ አንድም የሚረዳው የለም። ጉድጓድ ግን ልጆቼ፣ የቱንም ያህል ቢጠልቅ ማለቂያ አለው። ወጣ። የታተመውም ተፈጸመ። ከዚያ ፈረሶቹ ጠጡ።

ባህማን አገሩ ገብቶ ትልቅ ሹመት ተሾመ የሚሉ አሉ፤ ባሕሩ ላይ ሳለ ውኃ አልጠጣም ብሎ ሞተ የሚሉም አሉ። የትኛው እንደሚብስ እንጃ።

ያዮ ግን «የገደለው ምክሬ ነው» እያለ ዕድሜውን ጨረሰ፤ ሲሞትም ይህን ሥርዓት አቆመልን አሉ። በእኛ አገር ጉድጓድ ሲቆፈር የመጀመሪያው ውኃ የቆፋሪው ነው፤ ከብትም፣ ሹምም፣ ባለ መሬትም አይቀድመውም። አምና በመኪና የሚቆፍሩ ከከተማ መጥተው ውኃ ሲያወጡ፣ የመጀመሪያውን ውኃ የሰጠነው አንዱ ወጣት ቆፋሪ «መጀመሪያ ይመርመር እንጂ» ቢል፣ ሴቶቹ ጀሪካናቸውን መሬት አስቀምጠው ከበቡት።

«ዋጠው ልጄ» አልነው። «ማንም አይጠይቅህም።»

ጨው ጨው ብሎት ነው መሰለኝ ፊቱን አጨፈገገ፤ ዋጠው ግን። ያን ጊዜ ነው እልል ያልነው።