ከከሳሾች ምንጣፍ የተነሣችው ልጅ

አንድ ሀብታም ሰው ነበረ፤ የግቢውን በር ሌላ ሰው እንዲዘጋለት አይፈቅድም ነበር። «ያልተጠየቅሁትን ብደብቅ ዋሸሁ ይባላል ወይ?» ብለሽ ጠይቀሽኛልና የዚህን ሰው ቤት ነገር ልንገርሽ።

ሰውየው ከገጠር ወጥቶ፣ በንግድ በከበረ ከተማ ከበለጸጉት አንዱ ሆነ። በዚያ ከተማ የግንብ አጥሩ ቤቱን ይጋርደው ነበር፤ ጎረቤትም ጎረቤቱን የሚያውቀው በውሻው ድምፅ ነበር። ሰውየው እንደ ከተማው ሰው ግንቡን ከፍ አድርጎ አሠራ። «ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ የግቢዬ በር ለልጄም ቢሆን አይከፈትም» ብሎ ደነገገ፤ ቁልፉንም ከወገቡ አይፈታም ነበር።

ሁለት ልጆች ነበሩት። ታላቋ ሴት ናት፤ የተማረች ብትሆንም ዓይን አፋር ነበረች፤ የአባቷን ፊት ቀና ብላ አይታ አታውቅም። ታናሹ አዝመራው የሚባል የዐሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ነበር። በጥቅምት ወር አንድ ማለዳ አዝመራው በጎረቤት ግቢ ውስጥ፣ ሁለቱን ቤቶች ከሚለየው ግንብ ሥር ሞቶ ተገኘ። ያገኘው የጎረቤት ዘበኛ ነው። ዘበኛው አስከሬኑን በጋቢው ሸፈነ። የሰው ደም ውሻ ሊልሰው አይገባም ብሎ ደም የነካውን ድንጋይ በውሃ አጠበ፤ ከዚያ በኋላ ነው ኡኡ ያለው።

ማጠቡ ጣጣ ሆነበት። ቤተሰቡ ምርመራ ጀመረ። አባት በንግድ የተቀያየማቸውን ሰዎች እየዞረ ጠየቀ። አጎቶች የልጁን ጓደኞች ጠርተው አፋጠጡ። እናት ጠንቋይ ቤት ድረስ ሄደች። ምንም አልተገኘም፤ ቀለበቱ ከጣቱ፣ ጫማው ከእግሩ አልወጣም ነበርና ሌባ ነው ለማለት እንኳ አልተመቸም። ነገሩ ዞሮ ዞሮ ዘበኛው ላይ ወደቀ። «ንጹሕ ሰው ምን ቆርጦት ደም ያጥባል?» አሉ።

ልጅቷ ግን ታውቅ ነበር። በዚያ ምሽት ወንድሟ ዘግይቶ መጥቶ በሩን አንኳኩቶ ነበር። የእሷ ክፍል ለበሩ ቅርብ ስለሆነ «እታለም፣ ክፈችልኝ» ሲላት ሰምታለች። ቁልፉን ልትለምን እስከ አባቷ ደጃፍ ሄደች፤ ሲያስል ሰማችና ያነሣችውን እጅ መልሳ አወረደች። ባዶ እጇን ወደ በሩ ስትመለስ ወንድሟ «ግድ የለም፣ የጎረቤት አጥር በመንገዱ በኩል ዝቅ ይላል፤ በዚያ ገብቼ ወደ እኛ እዘላለሁ» ብሏት ሄደ። ሲወድቅ አልሰማችም። በማለዳ ዋይታው ሲነሣ ግን ምን እንደሆነ የሚነግራት ሰው አላስፈለጋትም።

ይህን ለማንም ሳትናገር ክረምቱ ሊገባ ደረሰ። የጠየቃትም አልነበረም። «ቢጠይቁኝ እናገር ነበር፤ ስላልጠየቁኝ አልዋሸሁም» የሚለውን ሐሳብ ተንተርሳ ታድር ነበር።

በግንቦት አባትየው ከትውልድ አገሩ ሽማግሌዎች አስመጥቶ አውጫጭኝ አስጠራ። በአውጫጭኝ የሠፈሩ ሰው ሁሉ ሜዳ ላይ ተቀምጦ ያየውንና የሰማውን በየተራ በመሐላ ይናገራል፤ ነገሩ ሳይወጣ ወደ ቤት መመለስ የለም። የሟች ቤተሰቦች ከሳሾች ናቸውና ከሽማግሌዎቹ ጎን፣ በሜዳው ዳር ባለ ዋርካ ጥላ ሥር በተነጠፈ ምንጣፍ ላይ ተቀመጡ፤ ሌላው ሰው ፀሐይ በሚመታው ሣር ላይ ነበር። ከሳሽ አይጠየቅም።

ሀብታሞቹ እያጉረመረሙ መጡ። አንዱ ወንበር አሸክሞ ደረሰና «እኔ መሬት ላይ መቀመጥ አልለመድኩም» አለ።

«ግድ የለም ልጄ፣ ወንበሩንም እናስምለዋለን» አሉት ትልቁ ሽማግሌ።

አንዲት ወይዘሮ ስለ ልጁ ሲጠይቋት «እንኳን የጎረቤቴን ልጅ፣ ባሌንም ካየሁት ሰነበትሁ» ብላ ሜዳውን አሳቀችው። ሁሉም አላየሁም፣ አልሰማሁም እያለ ማለ። ዘበኛውም ማለ፤ ያመነው ግን አልነበረም። ሚስቱ ልጅ አዝላ አጠገቡ ተቀምጣለች።

«ከዚህ በላይ ምን ይወጣል? ይታሰርልን!» አሉ አጎቶች።

ሽማግሌው «ሌላ የሚናገር ከሌለ፣ ዘበኛው በእግር ብረት ለዳኛ ይሰጣል» አሉና ዙሪያውን ተመለከቱ።

ልጅቷ ከእናቷ ጎን ተነሣች። ልትናገር ፈልጋ ነበር፤ አንደበቷ እንቢ አላት። ቆማ ቀረች፤ ሰው ሁሉ አያት። ከዚያ ምንጣፉን ትታ፣ ፀሐዩን አቋርጣ፣ ከዘበኛው ሚስት አጠገብ ሣሩ ላይ ቁጭ አለች።

«አንቺ! ምን ነካሽ? የእኛ ቦታ እዚህ ነው!» ብሎ አንዱ አጎቷ ጮኸባት።

ሽማግሌው እጃቸውን አንሥተው ዝም አሰኙት። «ልጄ፣ እዚያ የተቀመጠ ይጠየቃል» አሏት።

«አውቃለሁ አባቴ» አለች መሬት መሬት እያየች። «ይጠይቁኝ።»

ጠየቋት፤ ነገረቻቸው። ወንድሟ ማንኳኳቱን፣ መስማቷን፣ ከአባቷ ደጃፍ መመለሷን ሳታስቀር ተናገረች። ድምፅዋ ዝቅ ያለ ስለነበር ከኋላ ያሉት «ምን አለች? ምን አለች?» ይባባሉ ነበር።

አባትየው «ለምን ገብተሽ ቁልፉን አልጠየቅሽኝም?» አላት።

«እርስዎን ፈርቼ» አለችው።

እሱም ከምንጣፉ ተነሣና ሄዶ ሣሩ ላይ ተቀመጠ። «እኔንም ጠይቁኝ» አለ።

ዘበኛው ይቅርታ እስኪሉት አልጠበቀም። ሚስቱን «ተነሺ፣ ልጁን ፀሐይ መታው» ብሏት ተያይዘው ወደ ቤታቸው ሄዱ።

እንግዲህ ልጄ፣ ያችን ልጅ ውሸታም ናት ብሎ የሚፈርድባት ዳኛ ያለ አይመስለኝም። ነገር ግን እሷ ጥላ ሥር በተቀመጠችበት ወራት ሁሉ፣ በእሷ ፀሐይ ሌላ ሰው ይቃጠልላት ነበር። አንቺም እንደ እሷ ነሽ። በልብሽ ያለ ነገር ባይኖር ይህን ጥያቄ ይዘሽ እዚህ ድረስ ባልመጣሽ። ምን እንደሆነ አልጠይቅሽም፤ ሊጠይቅሽ የሚገባው ሌላ ሰው ነው። በአንቺ ዝምታ ሜዳ ላይ የቀረ ሰው ካለ፣ ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂዋለሽ። ሂጂና አጠገቡ ተቀመጪ። መናገር ያቃተው ሰው እንኳ ተነሥቶ መሄድ አያቅተውም።