ሳትሟሽ የቀረችው እንስራ

ይህን ያጫወተችኝ ከአጥሬ ማዶ ያለችው ወርቅያንሱ ናት። እሷ ደግሞ ከራሱ ከጉርጡ ሰማሁ ትላለች፤ እኔ አላስማልኳትም። ዕቃ ሁሉ አፍ በነበረው ዘመን የሆነ ነው፤ ጠጋ በሉና ስሙ።

ድንቄ የምትባል ችኩል ሴት ነበረች። አዲስ ሸክላ ውሃ እንዳያሳልፍ መሟሸት እንዳለበት ማን ያጣዋል? እሷ ግን እንስራ ገዝታ፣ ሳታሟሽ ውሃ ሞላችባት። እንስራዋ ላብ በላብ ሆነች፤ ቤቱም ረጠበ። ድንቄ ተናዳ ጓሮ ወስዳ ጎመኑ መሃል አጋደመቻት። አያ ጉርጥ ከሥሯ ገብቶ ቤት አደረጋት።

ጓሮውን የሚያጠጣው ቧንቧው ላይ የተሰካው ረጅሙ ጋሼ ጎማ ነበር፤ የሱ ጉራ አይወራም። ፀሐይ አናት ላይ ስትወጣ ተነሥቶ ወደ ላይ ረጨ፤ ፀሐይ ላሰችው። ደግሞ ረጨ፤ ውሃው ቁልቁል ሮጦ ጎረቤት ገባ። ሦስተኛ ሊረጭ ሲንጠራራ ቧንቧው ተንፍሶ ዝም አለ። ውሃ በፈረቃ ሆነና ለድንቄ አንዲት ጀሪካን ቀረቻት።

ጎመኑ አንገቱን ደፋ። ጉርጡም ቆዳው ደርቆ፣ ጓዙን ጠቅልሎ ሲወጣ ድንቄ መንገድ ዘጋችበት።

«አያ ጉርጥ፣ አንተ ከሄድክ ትሉ ጎመኔን ሙልጭ አድርጎ ይበላዋል።»

«ታዲያ ደርቄ ልሙትልሽ? ይልቅ ይህችን እንስራ እስከ አንገቷ ቅበሪያትና ያለሽን ውሃ ሆዷ ውስጥ ገልብጪው።»

ጋሼ ጎማ በሳቅ መሬት ለመሬት ተንከባለለ። ውሃ መያዝ የማትችለውን ነው ወይ ብሎ አፌዘባት።

እንስራዋ እስከዚያ ቀን አፍራ ዝም ትል ነበር። «መያዝስ አልችልም» አለች። «አንተ ግን የምታጠጣው ፀሐይን ነው። እኔ አፈር ውስጥ ሆኜ ቢያልበኝ፣ ላቤን የጎመኑ ሥር ይጠጣዋል።»

ድንቄ ቀበረቻት፤ ሞላቻት፤ ከደነቻት። የጎመኑ ሥሮች በጨለማው ዳብሰው ዳብሰው አገኟትና አቀፏት። ኮረኮሯት፤ ሳቀች። በሳቀች ቁጥር ያልባታል፤ ባላባት ቁጥር ይኮረኩሯታል። ጎመኑ ቀና አለ። ወፎችም ክዳኗ ላይ ከሚቀረው ጠብታ ሊጎነጩ መጡ፤ መጥተውም ትሉን ለቀሙት። ጉርጡ ድርሻዬን ወሰዱብኝ ብሎ ተጣላቸው፤ ግን ጓዙን ፈታ።

ጎማው የልብስ ማስጫ ሆነ። ጉርጡ እዚያው ሚስት አገባ። ጀሪካኗ አሁንም በየተራዋ ትሞላለች። ድንቄ ሁለተኛ እንስራ ገዛች፤ እሷንም አላሟሸቻትም።